ለየክፍሉ የራሱ ድምፅ

ጥቅምት 5

ቅዳሜ። ሥራ የለም። የሳሎኑን በር በመጨረሻ ዘይት ቀባሁት። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ጀምሮ ሲያቃስት የኖረ በር... ትንሽ ዘይት ከላይ፣ ትንሽ ከታች፣ ጸጥ። እንዲህ ቀላል ከሆነ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ይዞን ነው ስናዳምጠው የኖርነው?

ባለፈው ሳምንት የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ጎማ ቀየርኩ። መንጠባጠቡን አቆመ። ከዚያ በፊት የሳሎኑን የግድግዳ ሰዓት አውርጄ ባትሪውን አውጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከትቻለሁ። ቀጭ ቀጭ እያለ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። ደሞስ ለማን ነው የሚቆጥረው? አባዬ አያየውም፣ እኔ ስልክ አለኝ።

እማዬ ካረፈች ወዲህ እዚህ ነኝ። «ለጊዜው» ብዬ አንድ ሻንጣ ይዤ መጣሁ። ሻንጣው አሁንም አልጋው ሥር ነው፣ ግማሹ ልብስ እንኳ አልወጣም። ቤቱ ግን ቀስ በቀስ ሥርዓት እየያዘ ነው። እማዬ ብታየው ደስ ይላት ነበር? ወይስ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ አያርፍም» ትለኝ ነበር? ሁለቱንም ሳትለኝ አትቀርም።

አባዬ በሩን ደጋግሞ ከፍቶ ዘጋው። ደስ ያለው መሰለኝ።

ጥቅምት 9

ከሥራዬ፣ ከፋርማሲው ስመለስ አባዬ ኮሪደሩ መሃል ቆሟል። አንድ እጁ ግድግዳው ላይ። ምን ልታደርግ ነው ስለው «ሳሎን ልገባ» አለኝ። ፊት ለፊቱ ያለው ግን የመታጠቢያ ቤቱ በር ነው።

ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ግን እዚህ ቤት ውስጥ ተሳስቶ አያውቅም ነበር። እማዬ እያለች ትኩስ ሻይ ይዞ ከኩሽና ሳሎን ይሄዳል፣ ጠብ አያደርግም። እኔ ዓይን እያለኝ ነው ምንጣፍ ላይ የምደፋው።

እጁን ይዤ አስገባሁት። መያዜን አልወደደውም። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ መሪውን ሌላ ሲይዝበት...

ጥቅምት 12

ኮሚቴው መጣ። ታላቅ ወንድሜ ማለቴ ነው። ልጆች ሳለን መስኮት ዳር ማን ይተኛ የሚለውን ሳይቀር ስብሰባ ጠርቶ ካልወሰነ አይሆንለትም ነበር፤ ስሙን ያወጣለት አባዬ ነው። እስካሁን ይጠራበታል።

አባዬ ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ ወደ ሳሎን እመጣለሁ ብሎ ኩሽና ገባ። ወንድሜ ቆሞ አየው። ከዚያ እኔን ወደ ጓሮ ጠራኝ። እርጅና ብቻ አይደለም አለኝ፤ መርሳት ጀምሯል። በገዛ ቤቱ የሚጠፋ ሰው ብቻውን አይተውም። በኅዳር መጨረሻ ወደ እሱ ቤት ይወስደዋል፤ አራተኛ ፎቅ። ይሄ ቤት ይከራያል። ሁሉንም አስቦ ጨርሷል።

ተናደድኩ። ግን እኔስ እዚህ እስከ መቼ ነኝ? ወንድሜ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የሚያናድደው አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

አባዬ ሰምቶናል መሰለኝ። ወንድሜ ከሄደ በኋላ «አራተኛ ፎቅ ላይ ምን አለ?» አለኝ። ልጅህ አለ፣ የልጅ ልጆችህ አሉ አልኩት። «እሱስ ልክ ነሽ» አለ። ግድግዳውን እየዳሰሰ፦

«ቤቱ ዝም አለብኝ፣ ረዳቴ።»

ረዳቴ... ትምህርት ሲዘጋ አውቶቡሱ ላይ አብሬው እወጣ ነበር። ትኬት እቆርጣለሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ የፌርማታውን ስም እጮሃለሁ። ከዚያ ወዲህ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሰርጌ ዕለት እንኳ፣ ትዳሩ ሳይቆይ ቢፈርስም፣ «ረዳቴን ወሰዱብኝ» ነው ያለው።

ጥቅምት 13

ቤቱ ዝም አለብኝ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ አለ።

ጥቅምት 15

ዛሬ የድሮ ነገር ሆዴን ሲያባባው ዋለ። አባዬ አውቶቡሱን ጋራዥ አስገብቶ በእግሩ ይመጣ ነበር። እኛ ግቢ ውስጥ ስንጫወት በውጭው በር ሥር ጫማውን እናያለን። ደርሶ ይቆማል፤ ወዲያው አይገባም። ለምን ትቆማለህ ስንለው «ቤቱን እየሰማሁት» ይላል። እንስቅበታለን። ቤት ምን ይሰማል?

ይሰማ ነበር ለካ። ኩሽና የእማዬ ትንሿ ራዲዮ፣ ሁልጊዜ ወሬ ላይ። ሳሎን ያ የእንጨት ራዲዮ፣ ሁልጊዜ ዘፈን ላይ። በትንሿ ክፍል እማዬ በስፌት መኪናዋ... ትርርር፣ ታቆማለች፣ ትርር። በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ነበር የቤት ሥራ የምሠራው፣ እንዴት እንደነበር እንጃ። አሁን ትንሿ ራዲዮ ቁም ሳጥን ውስጥ ናት፣ ከለቅሶው ጀምሮ ማንም አላበራትም። ትልቁ ከተበላሸ ዘመን አለፈው። የስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሷል።

ሙዚቃ ነው የናፈቀው። ገባኝ። ቤቱን በሙዚቃ እሞላዋለሁ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ያን ጊዜ አራተኛ ፎቅ የሚባል ነገር ይረሳል፤ ወንድሜም መጥቶ ሰውየው ነፍስ ሲዘራ ያያል።

ጥቅምት 19

ስፒከር ቤት ሄድኩ። የሱቁ ባለቤት ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ስትስቅ ዕቃዋ ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ሴት ናት። አንድ ትልቅ ስፒከር ገዝቼ ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበር ሐሳቤ። ጎረቤት ነው የምታናውጪው እንጂ ቤትሽን አትሞዪም አለችኝ። በየክፍሉ ትንንሽ ይሻላል።

ሁለት ዓይነት አለ አለች። አንደኛው የራሱ ጉልበት የለውም፤ ሳሎን አንድ አምፕሊፋየር፣ ድምፅ የሚያጎላ ሣጥን፣ ይቀመጥና ከእሱ ሽቦ በየግድግዳው እየተበሳ ይሄዳል። የአባዬን ግድግዳ ልበሳ? አይሆንም። ሁለተኛው አምፕሊፋየሩ ሆዱ ውስጥ ነው፤ አጠገቡ ሶኬት ካለ በቃው። ዘፈኑን በዋይፋይ ይቀበላል፤ ከፈለጉም ከኋላው በኬብል ራዲዮ ይሰካበታል። ስልኬ ላይ ሁሉንም አንድ ቡድን ማድረግ ወይ ለያይቶ ማዘዝ ይቻላል። ብሉቱዝስ ስላት እጇን አወናጨፈች፤ ሁለት ግድግዳ ካለፈ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ለብዙ ክፍል አይሆንም።

የቤቱን ንድፍ በካርቶን ላይ ሣልኩላት። ለሳሎን ትልቅ፣ ለኩሽና፣ ለመኝታ ቤት፣ ለኮሪደርና ለትንሿ ክፍል ትንንሽ መረጠችልኝ። በመጨረሻ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦

«አንድ ላይ ነው የሚዘፍኑት፣ ለየብቻ?»

«አንድ ላይ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ጥቅምት 22

እግዜር ያሳይህ። የኩሽናው ስፒከር ገና ሳይዘፍን «እምምም» ይላል። ድምፁን ብቀንሰው እምም፣ ዋይፋዩን ብዘጋው እምም። አባዬ ወንበር ላይ ሆኖ ያዳምጠኛል። ቀስ ብሎ «ሞተር ያለው ነገር አጠገቡ አለ እንዴ?» አለኝ። ፍሪጁ። ከፍሪጁ ጋር አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክቼዋለሁ። ወደ ሌላ ሶኬት አዛወርኩት፣ እምምታው ሞተ። አባዬ ፊቱ በራ። ድሮም ሞተር ሲያዳምጥ ነው የሚያምርበት።

የኮሪደሩን ደግሞ ምክር የማልሰማ ሆኜ በብሉቱዝ አገናኘሁት፤ ከሌሎቹ ግማሽ ቃል ወደ ኋላ እየቀረ ቤቱን ማሚቶ አደረገው። ባለ ስፒከሯ ጋ ደወልኩ። ነግሬሽ ነበር አላለችም፣ ግን በድምፅዋ ውስጥ ነበር። ሁሉንም በዋይፋይ አደረግኩ። አሁን አንዲት ፀጉር አይዛነፉም።

ጥቅምት 23

ሠራ። አምስቱም አንድ ላይ።

የእማዬን ዘፈኖች ፈልጌ አግኝቼ ነበር፣ ያ የእንጨት ራዲዮ ሲያንቆረቁራቸው የነበሩትን። መጀመሪያው ሲጀምር አባዬ ከተቀመጠበት ተነሣ። ቆመ ብቻ። ከንፈሩ ግጥሙን ይላል፣ ድምፅ የለውም። እኔ ኩሽና ሄድኩ፣ ዘፈኑ እዚያ ነው። ኮሪደር፣ እዚያ ነው። ትንሿ ክፍል፣ እዚያ። እማዬ በየክፍሉ ቀድማኝ የምትገባ መሰለኝ። አልቅሼ አልቅሼ ወጣልኝ። አባዬም እንባውን በእጁ ጀርባ ጠረገና «ጥሩ ነው፣ ልጄ» አለ።

ረዳቴ አላለኝም ግን። አሁን ስጽፈው ነው ያስተዋልኩት።

ጥቅምት 26

ዛሬም ሲዘፈን ዋለ። አባዬ ከሶፋው አይነሣም። እያጣጣመ ነው።

ጥቅምት 29

ወደቀ።

ኮሪደሩና ኩሽናው መሃል ያለችው ደረጃ ላይ። እኔ ሥራ ነበርኩ። ያገኘችው ጎረቤታችን ናት፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ፤ በቀን አንዴ ብቅ ትላለች። አጥንቱ ደህና ነው። ግንባሩ ተጫረ፣ የእጁ አንጓ አበጠ። ስደርስ ወለሉ ላይ አስቀምጣው እጁን በፋሻ ታስርለታለች፣ ከላይ ከታች ዘፈኑ ይሄዳል... ያን የመሰለ የፍቅር ዘፈን። ሮጬ አጠፋሁት።

ሳሎን የገባ መስሎት ነው። ሶፋው ላይ ሊቀመጥ ሲል ደረጃው ላይ ነበር።

ጥቅምት 30

ኮሚቴው መጣ። ስብሰባ እንኳ አልጠራም። የአባዬን ግንባር አየ፣ ስፒከሮቹን አየ፣ እኔን አየኝ። «በኅዳር መጨረሻ» አለ። በቃ።

ደክሞኛል።

ኅዳር 2

ስፒከሮቹን ልነቃቅል ስጀምር አባዬ ተዪው፣ ተቀመጪ አለኝ። ንዴቴን በእሱ ላይ ተወጣሁ፦ ሙዚቃ ናፈቀህ ብዬ ነበር፣ ምን ልሁንልህ ታዲያ?

«ዘፈኑማ ጥሩ ነው» አለ። «ግን የትም ብሄድ እዚያው ነኝ። ኩሽና ስገባም ሳሎን ነው፣ መኝታ ቤት ስገባም ሳሎን ነው።»

«ስፒከሩ ሳይመጣስ? ያኔም ትጠፋ ነበር።»

«ያኔ ደግሞ የትም አልነበርኩም።»

አልገባኝም። እጁን አንሥቶ እንደ መንገድ ጠቋሚ እያዞረ ነገረኝ። ሲያቃስት፣ የሳሎን በር ነው። ጠብ ጠብ ሲል፣ መታጠቢያ ቤት። ቀጭ ቀጭ ሲል ከሶፋው በላይ ነው፣ እዚያ ሥር ይቀመጣል። ወሬ ሲሰማ ኩሽና። ስፌት ሲሰማ ትንሿ ክፍል፣ እናትሽ።

እማዬ ሄደች፣ ራዲዮዋ ተዘጋ፣ መኪናዋ ቆመ። የቀሩትን ደግሞ... እኔ ነኝ። በሩን እኔ። ቧንቧውን እኔ። ሰዓቱን እኔ። አንድ በአንድ፣ በገዛ እጄ፣ ቤት አስተካከልኩ ብዬ እየኮራሁ። ሰውየው አእምሮውን አልጣለም። በለመደው መንገድ ላይ የቆመውን ምልክት ሁሉ ነቅዬበት ነው። ቀጥዬ ደግሞ በየመታጠፊያው አንድ ዓይነት ምልክት ተከልኩለት።

ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አለ። «በሩም እውነቱን ለመናገር ያሳፍር ነበር።»

ኅዳር 3

ጠዋት ስፒከር ቤት። ባለቤቷ መነጽሯን ወደ ላይ ገፍታ ሰማችኝ፣ አልሳቀችም። «ለየብቻ ነዋ» አለች፣ ዕቃውን ገና ዛሬ የምትሸጥልኝ ያህል። ስልኬን ተቀብላ ቡድኑን በተነችው። አሁን እያንዳንዱ ክፍል ስሙ ለብቻው ተጽፏል፣ የየራሱ ማዘዣ አለው።

ሌላም ያልነገረችኝ ነገር ነበር። እነዚህ ስፒከሮች ድምፅ ሲያንስባቸው ራሳቸውን ያስተኛሉ። ለሌላው ሰው ጥሩ ነው፣ መብራት ይቆጥባል። ለአባዬ ግን መንገድ ላይ የሚጠፋ መብራት ማለት ነው። እንቅልፋቸውን ከለከልናቸው። ድምፁም ዝቅ ይበል አለችኝ፤ በር ላይ ቆሞ እንዲሰማ፣ ግድግዳ እንዳያልፍ።

ኅዳር 5

ትንሿን ራዲዮ ከቁም ሳጥን አወጣኋት። አቧራዋን ጠረግኩ። ድምፅዋ ደክሟል፣ ግን ትናገራለች። ከኩሽናው ስፒከር ጋር በኬብል አገናኘኋት። ጣቢያውን አልነካሁም። እማዬ ባቆመችበት ላይ ነው፣ አሁንም ወሬ።

ሳሎን ዘፈኑን ተውኩት፣ ዝቅ አድርጌ። ሰዓቱን ሰቀልኩ፣ ባትሪውን መለስኩ።

ወንድሜ ጋ ደውዬ ከመወሰንህ በፊት አንዴ መጥተህ እየው አልኩት። ወስኛለሁ አለ። በኅዳር ሃያ አራት ልወስደው ስመጣ አያለሁ አለ።

ኅዳር 7

መኝታ ቤትህ ምን ይሰማ አልኩት አባዬን። ዝናብ? ወፍ? ባለ ስፒከሯ የወፍ ድምፅ ልካልኝ ነበር። አፈረ። ተቁነጠነጠ። በመጨረሻ አውቶቡስ አለኝ። ሳይሄድ ቆሞ የሚሞቅ አውቶቡስ፣ ጠዋት ተሳፋሪ ሳይመጣ በፊት እንደሚሰማው።

ከሥራ መናኸሪያ ሄድኩ። ስልኬን ይዤ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ሆድ ሥር ጎንበስ ስል ሾፌሩ መስኮት ላይ ብቅ አለ። ምን እያደረግሽ ነው? አባቴ እንዲተኛበት ነው አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ። አባቴም ሾፌር ነበር ስለው ቀስ አድርጎ ነዳጅ ሰጠልኝ፣ ዝቅ አደረገ፣ እንደገና ሰጠልኝ። ለካ አንዳንድ ነገር ማስረዳት አያስፈልገውም። ተሳፋሪዎቹ ግን እብድ ናት ብለዋል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

አባዬ ቅጂውን ሰማ። ዓይኑን ጨፈነ። የድሮውን ጠዋት ሁሉ ፊቱ ላይ አየሁት፤ እሱ መስታወት ሲጠርግ፣ እኔ በእንቅልፍ ዓይኔ በሩ ላይ ተለጥፌ። ከዚያ ዓይኑን ሳይከፍት «ይሄ ሰውዬ ናፍጣ ማጣሪያውን ይቀይር» አለ።

ኅዳር 10

የዛሬ ሥራዬን ለሰው ባወራው ማን ያምነኛል። አዲሱን የቧንቧ ጎማ አውጥቼ አሮጌውን መለስኩ። ጠብ... ጠብ። የበሩን ማጠፊያ በሳሙናና በሙቅ ውኃ አጠብኩ፣ ዘይቱ ወጥቶ እስኪያልቅ። መጀመሪያ እምቢ አለ። አባዬ ከኋላዬ ቆሞ ከፈተው ዘጋው፣ ከፈተው ዘጋው። በስንት ልመና አቃሰተ።

«እሰይ» አለ። «ታመመልን።»

ሁለታችንም ቁጭ ብለን ሳቅን። እማዬ ከሞተች ወዲህ እዚህ ቤት የተሳቀ መጀመሪያው ሳቅ ይሁን?

የኮሪደሩን ስፒከር ነቀልኩት። ኮሪደር መንገድ ነው፣ መንገድ አይዘፍንም አለ አባዬ፤ ከዚያ ቆሞ ግራ ቀኙን መስማት ነው የሚፈልገው። የትንሿን ክፍል ገና አልወሰንንም። ተሰክቶ ዝም ብሎ ተቀምጧል። አባዬ ስለ እሱ ሲነሣ ወሬ ይለውጣል።

ኅዳር 15

ዛሬ ሻይ ይዞ ከኩሽና ሳሎን ሄደ። አልረዳሁትም። እጆቼን ብብቴ ሥር ወሽቄ ተከተልኩት።

ትንሽ ደፋ። ምንጣፉ ላይ። እንኳን ደፋ።

ኅዳር 21

ስፒከሮቹ ላይ ድምፅ ማስተካከያቸውን በፕላስተር አሸግኩ፣ ሰው እንዳይነካቸው። ነርሷ ጎረቤታችን ጠዋትና ማታ ልይልሽ ብላለች፤ እኔ የሌለሁበትን ሳምንት ማሰብ ጀምረናል። ማሰቡ ራሱ ያስፈራል። ወንድሜ ቅዳሜ ይመጣል። ካላመነስ? ዕቃ መያዣ ካርቶን ይዞ ይመጣል፣ አውቀዋለሁ።

ኅዳር 24

ካርቶን ይዞ መጣ።

አባዬ ሸሚዙን ቀይሮ ጠበቀው። ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ኩሽና ሄደ። ደረጃዋን በእግሩ ፈልጎ ወረዳት፣ ብርጭቆ አንሥቶ ተመለሰ። እኔ የማልተነፍስ ሆኜ ቆሜያለሁ። ወንድሜ አየ። ጥሩ ነው አለ፣ ከልቡ። ካርቶኑን ግን አላስቀመጠም።

«መብራት ሲጠፋስ?» አለ።

አልኩ አይደል፣ የሚያናድደው ልክ መሆኑ ነው። አባዬ ግን ያልሰማ መስሎ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደ። ወንድሜ ኮሪደሩን ይዞ ወደ በረንዳው ወጣ። ቆጣሪው እዚያ ነው። ወዴት ነው ብዬ ሳልጨርስ... ቀጭ።

ሁሉም አንዴ ሞተ። ዘፈኑ። ራዲዮዋ። አውቶቡሱ። ፍሪጁ ሳይቀር ተንፍሶ ዝም አለ።

አባዬ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጥቶ ኮሪደሩ መሃል ቆመ። ልክ ያን ቀን እንደቆመው፣ አንድ እጁ ግድግዳው ላይ። ወንድሜ ተመልሶ በሩ ጋ ቆሟል። ልሮጥ ስል እጄን ያዘኝ።

አባዬ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ከኋላው፣ ጠብ... ጠብ። ከፊቱ ራቅ ብሎ፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። እጁን ከግድግዳው አነሣ። ተራመደ። በሩን ገፋው፣ በሩ አቃሰተ። ገባ። ከሰዓቱ ሥር፣ ሶፋው ላይ፣ ቦታው ላይ ተቀመጠ። እግሩን አነባበረ።

«ኮሚቴው» አለ። «መብራቱን መልሰው። ዜናው አለፈኝ።»

ወንድሜ በረንዳ ላይ ብዙ ቆየ። መብራቱን ለመመለስ ያን ያህል አይፈጅም። ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። ካርቶኑን ረግጦ አጠፈውና ከበሩ ኋላ አቆመው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ይመጣል፤ እንዲህ ተወስኗል፣ ሦስታችንም ባለንበት፣ በሙሉ ድምፅ።

ታኅሣሥ 1

የቀረችው ትንሿ ክፍል ናት። አባዬን ሳላማክር ጨርቁን ከስፌት መኪናው አነሣሁ፣ ክር አስገባሁ፣ የአሮጌ አንሶላ ጨርቅ ዘረጋሁ። ስልኬን አጠገቤ አድርጌ ሰፋሁ። ትርርር። ቅጂውን በክፍሉ ስፒከር ከፈትኩለትና ጠራሁት።

በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ፈገግ አለ።

«የእሷ አይደለም» አለ። «አንቺ ትቸኩያለሽ። እሷ ጥጉ ላይ ስትደርስ ታርፍ ነበር።»

እንደገና ሰፋሁ፣ በቀስታ፣ ጥጉ ላይ እያረፍኩ። እንደገና ከፈትኩለት።

«አሁን ደግሞ እሷን ለመምሰል ትሞክሪያለሽ።»

አቀረቀርኩ። መርፌውን እያየሁ አለቀስኩ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስንት ዘመን ልብሴን ለክታኝ፣ ዙሪ፣ ቀጥ በይ፣ እጅሽን አንሺ... አንድ ቀን እንኳ ድምፅዋን አልቀዳንም። ማን ይቀዳል? ሁልጊዜ የሚኖር ነገር ነበር እኮ።

አባዬ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«ተዪው፣ ረዳቴ። ይሄ ክፍል ዝም ይበል። ሌላው ሁሉ ድምፅ አለው አይደል? ዝም ያለው የእሷ ነው። አልስተውም።»

ስፒከሩን ነቀልኩ። ሽቦውን ጠቀለልኩ። ቅጂዎቹን ሁለቱንም አጠፋሁ።

ታኅሣሥ 9

ቤቴ። ሻንጣውን እስከ ታች አወጣሁት። ሥር ላይ እማዬ የሰፋችው ቀሚሴ ነበር፤ ሰቀልኩት።

የተረፉትን ሁለት ስፒከሮች ይዤ መጥቻለሁ። ባለ ስፒከሯ ገንዘብሽን ልመልስልሽ ብላ ነበር፣ እምቢ አልኳት። አንዱ መደርደሪያ ላይ ነው፣ አልሰካሁትም። ቤቴ እንዲህ ጸጥ ያለ መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። አንድ የሚያቃስት በር እንኳ የለኝም።

አባዬ በየቀኑ ይደውላል። ከጀርባው የሚሰማውን እየሰማሁ የት እንዳለ እገምታለሁ። ወሬ ከሆነ ኩሽና፣ ሻይ እየጠጣ ነው። ዘፈን ከሆነ ሳሎን። አውቶቡሱ ከሆነ ተጋድሟል። ስገምት ይስቃል፣ «እዚሁ ቆመሽ የምታዪኝ ይመስላል» ይለኛል።

ዛሬም ከሰዓት በኋላ ደወለ። ስለ በሩ አወራኝ፣ ስለ ወንድሜ ልጆች፣ ትንሿ የቧንቧውን ጠብታ እየተከተለች ስትጨፍር እንደነበር። ከዚያ ለአፍታ ዝም አለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አደረግኩት። ከጀርባው ሰማሁ።

ምንም አይሰማም።

የት ነህ ብዬ አልጠየቅኩትም።